መዘከር ማለት ማብላት ነውን?



አያቴ ያረፈችበት አንደኛ ዓመት ሲደርስ ቤተ ዘመዱ በሙሉ እዚህ ናታንያ ተሰበሰበ። ጠዋት ወደ መቃብሩ ሄደን ቄሱ ጸሎት አደረሱ። ከዚያም ተመልሰን ለመጣው ሰው ምግብ ማቅረብ ጀመርን። እዚሁ አገር የተወለደው የስምንት ዓመቱ የወንድሜ ልጅ እንጀራ የያዘ ትሪ ተሸክሞ ሲያልፍ ድንገት ቆም አለና በዕብራይስጥ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «ዶዳ፣ ሳፍታ እኮ ሞታለች። ታዲያ ለምን እንበላለን? ሰውን ለማስታወስ ፎቶግራፍ ማየት አይበቃም?»

«ባህላችን ነው» ብዬ አለፍኩት። «ባህላችን ነው» መልስ ያጣ ሰው የሚሰጠው መልስ ነው። እናንተም ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠይቋችሁ ይህንኑ የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

በቋንቋችን «ዘከረ» ማለት አስታወሰ ማለት ነው። ነዳያንን አበላ፣ መጸወተ ማለትም ነው። «ዝክር» መታሰቢያም ግብዣም ነው፤ «ተዝካር»ም ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። በዚህ አገር የሙት ዓመቱ ጸሎት «አዝካራ» ሲባል የቃሉ ሥር ያው አንድ ነው። ዕብራይስጡ ግን ማስታወስን ብቻ ሲናገር የእኛው ቃል ማስታወስንና ማብላትን አንድ ላይ ይዟል። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን «ሰው የሚታወሰው በልብ ብቻ አይደለም፤ በእጅም ነው» ማለታቸው ይመስለኛል።

ታዲያ ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ደግ ሰው ሲሞትብን ማስታወሳችን ከእኛ ምን ይጠይቃል? ማመስገን ይበቃል? ወይስ ሥራውን መቀጠል አለብን? አቅሙ ከሌለንስ?

አያቴ የቋራ ሰው ነበረች። ቋራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ያለ፣ የአፄ ቴዎድሮስ አገር የሆነ ቆላማ ምድር ነው። ቤታችን መንገድ ዳር ስለነበረ ወደ ገበያ የሚሄደው፣ ዘመድ የሚጠይቀው፣ የመሸበትም ሁሉ ጎራ ይልበት ነበር። መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል አያቴ ማንነቱን ሳትጠይቅ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» ትለዋለች።

ይህን መልስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅ ሳለሁ የአክብሮት አነጋገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ትልቅ ትምህርት አለበት። ቤቱ የእግዚአብሔር ከሆነ ባለቤቲቱም ራሷ እንግዳ ናት ማለት ነው። ቀድማ የገባች እንግዳ ኋላ ለመጣው ቦታ ትለቅለታለች እንጂ ውለታ አትውልለትም። ስለዚህ የበላው ሰው አንገቱን አይደፋም፤ ያበላችውም አትኮራም። አያቴ እንግዳ ሲያመሰግናት ቅር ይላት የነበረው ለዚህ ይሆናል።

ሃይማኖቷንም አጥባቂ ነበረች። ዓርብ ገላዋን ታጥባ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ የሰንበቱን ዳቦ አዘጋጅታ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ታጠፋለች። ከቤተ እስራኤል መጻሕፍት አንዱ በሆነው በ«ተእዛዘ ሰንበት» ውስጥ ሰንበት እንደ ሴት ሆና ትነገራለች። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ከቄሶች አፍ የሰማችውን ግን ይዛ ሰንበትን እንደ ከበረች እንግዳ ትቀበላት ነበር። ቤቱን የምትጠርገው፣ ልጆችን የምትቆጣው፣ ደጁን የምታየው ሁሉ ሰው እንደምትጠብቅ ሴት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሕግ አጥባቂነትና እንግዳ ተቀባይነት አብረው ይሄዳሉን? ቤተ እስራኤል በአገር ቤት ስለ ንጽሕና ጥብቅ ሕግ እንደነበራቸው ታውቃላችሁ። ሌላው ያረደውን አይበሉም፤ በዕቃም ይለያሉ። ጎረቤቱም በበኩሉ ቡዳ እያለ የሚጠረጥረን ነበር። በመካከላችን አጥር ነበረ ማለት ነው። አያቴ አጥሩን አላፈረሰችም። ነገር ግን ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የተለየ ዋንጫ አስቀምጣ ነበር፤ በበዓላቸውም ራሳቸው ሠርተው እንዲበሉት ጥሬ እህልና እንቁላል ትልክላቸዋለች። እነርሱም በእኛ በዓል እንዲሁ ያደርጋሉ። ሕጉ የከለከላት አብሮ መብላትን እንጂ መስጠትን አልነበረምና የተፈቀደላትን መንገድ ፈልጋ አገኘች። በሃይማኖት የተነሣ በሩን የሚዘጋ ሰው ሳይ ሕጉ ይሆን የዘጋበት ወይስ ልቡ ብዬ እጠይቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የቋራ ቤተ እስራኤል ወደዚህ አገር ሲመጡ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በመጀመሪያ ሜርካዝ ክሊታ ገባን፤ ኋላም ናታንያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት አገኘን። አያቴን በጣም ያስገረማት ነገር በሩ ነበር። በቋራ በር የሚዘጋው ለሌሊት አውሬ ነው። እዚህ ግን ቀን በቀን ሁሉም ዘግቶ ይቀመጣል። እርሷ በሩን ከፍታ ቡና ማፍላት ጀመረች። ጭሱና ሽታው ደረጃውን ሲሞላው የሕንጻው ኮሚቴ፣ ቫዓድ ባይት የምንለው፣ ስሞታ አቀረበ። አባቴ አፍሮ በሩን ዘጋው፤ አያቴ መልሳ ከፈተችው።

ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ከሩሲያ የመጣች ብቸኛ አሮጊት ነበረች። ከአያቴ ጋር በአንድም ቋንቋ አይግባቡም። አንድ ዓርብ አያቴ ትኩስ ዳቦ በሳህን ሰጥታ ላከችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሴትዮዋ ሳህኑን ብርቱካን ሞልታ መለሰችው። የሰው ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ በእነርሱም አገር ይታወቃል ማለት ነው። አያቴ ከሴትዮዋ ድስት አትበላም ነበር፤ ብርቱካኑን ግን በደስታ ትቀበላለች። ያው የቋራው ዋንጫና ጥሬ እህል ናታንያ ድረስ አብሯት መጣ። እንዲህ ሆነው ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ።

ጠዋት ጠዋት ቡናዋን በቴርሞስ ይዛ፣ ሲኒዎቹን በነጠላ ጠቅልላ ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። ናታንያ የተሠራችው ከባሕሩ በላይ በቆመው የአሸዋ ድንጋይ ገደል ላይ ስለሆነ ከመናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ውኃው ከታች ወለል ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ያየችው ዕለት «እንደ ጣና ነው፤ ማዶ የለውም እንጂ» አለች። አጠገቧ ለሚቀመጠው ሁሉ፣ ከፈረንሳይ ለመጣው ጡረተኛም ሆነ መንገድ ለሚጠርገው ሠራተኛ፣ አንድ ሲኒ ትቀዳለታለች።

በዚያን ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ እማር ነበር። የቤተሰብ ገቢና ወጪ እንዴት እንደሚጻፍ ተምሬ ስለነበር የእርሷን ጻፍኩ። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የምታገኘው የጡረታ ገንዘብ ይህን ያህል፤ ዱቄት፣ ቡና፣ ስኳር፣ ዘይት ይህን ያህል። ሲደመር ከገንዘቧ ሲሶው የሚሄደው ለሌላ ሰው አፍ ነበር። የገዛ መድኃኒቷን ደግሞ በልካችን ካልገዛንላት ታቋርጠዋለች። ወረቀቱን ይዤ ወደዚያ ወንበር ሄድኩና አነበብኩላት። «እማማ፣ ይህ ገንዘብ ላንቺ የተሰጠ ነው። አንቺ ራስሽ ችግረኛ ነሽ» አልኳት።

ዝም ብላ ባሕሩን ስታይ ቆየችና እንዲህ አለችኝ። «ልጄ፣ የምቀበለውን ጽፈሻል። የምሰጠውን ከወሰድሽብኝ እኔ ምን ሆኜ ልቀር ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ይህ አነጋገር ያላዋቂ አሮጊት አነጋገር እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ራምባም ስለ ድሆች ስጦታ በጻፉት ሕግ፣ በምጽዋት የሚኖር ድሃ እንኳ ከተቀበለው ላይ ለሌላው መስጠት እንደሚገባው ደንግገዋል። ሕጉ ከታልሙድ የመጣ ነው። አያቴ ታልሙድንም ራምባምንም ሰምታ አታውቅም፤ ሕጉን ግን ትኖረው ነበር። እስቲ አስቡት። ከድሃ መቀበል ምን ይጠቅማል? ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው መዞሩ ነው። ሕጉ ያሰበው ግን ስለ ገንዘቡ አይመስለኝም። መቀበል ብቻ የተፈቀደለት ሰው ቀስ በቀስ ሰውነቱን እንደሚያጣ አውቆ ነው። ድሃ የሚያሰኘው የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ለሌላው የማይጠቅሙ ነን ብሎ ማመንም ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት በቅርብ የመጡ እናት ቤት ለሥራ ጉዳይ ሄድኩ። ቡና ሊያፈሉ ሲነሡ «አይቸገሩ፣ ጊዜ የለኝም፤ ደግሞም በሥራችን ስጦታ አንቀበልም» አልኳቸው። ያልኩት በሕጉ ትክክል ነበር። እርሳቸው ግን ጀበናውን መልሰው ሲያስቀምጡ ፊታቸው ጠቆረ፤ ከዚያም በኋላ ለጠየቅኋቸው ሁሉ «እሺ» ከማለት በቀር አልተናገሩም። ሰጪ እኔ ብቻ፣ ተቀባይ እርሳቸው ብቻ እንዲሆኑ ፈርጄባቸው ነበርና። ዛሬ ሰዓቴን አስልቼ እሄዳለሁ፤ አንድ ሲኒም እጠጣለሁ። ከሲኒው በኋላ የሚነገረኝ ነገር በመዝገብ ከሚጻፈው ይበልጣል።

እንግዲህ አያቴን አመስግኜ እዚህ ላይ ብጨርስ ይቀለኝ ነበር። ግን እውነቱ ግማሽ ይሆናል።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እናቴን «የእማማ ቤት እንዴት ያለ ቤት ነበር!» አልኳት። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል «አዎ፣ የእናቴ በር ክፍት ነበር። ውኃውን የምቀዳው ግን እኔ ነበርኩ» አለችኝ። ሌሊት ተነሥታ ትፈጭ እንደነበር፣ እንግዳ በበዛበት ቀን እርሷና እኅቶቿ የተረፈውን ይበሉ እንደነበር፣ አንዳንዴም የሚተርፍ እንዳልነበረ ነገረችኝ። በምሬት አይደለም የተናገረችው። እንዲቆጠርላት ግን ፈልጋ ነበር።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18ን ሁላችን እናውቀዋለን። አብርሃም በቀትር ድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ ሦስት ሰዎች አየና ሮጦ ተቀበላቸው። እንግዳ መቀበል ሲነሣ ሁልጊዜ የምንጠራው እርሱን ነው። ግን ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ያቦካችው ሣራ ናት፤ እርሷም ድንኳን ውስጥ ነበረች። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ደግሞ የሰራፕታዋ መበለት አለች። ለራሷና ለልጇ የቀራትን የመጨረሻ ዱቄት ልትጋግር ስትል ነቢዩ ኤልያስ አስቀድማ ለእርሱ እንድታደርግለት ጠየቃት። እርሷስ ዱቄቱ እንደማያልቅ ቃል ተገብቶላት ነበር። ለእኛ እንዲህ ያለ ቃል የገባልን የለም፤ የእኛ ማሰሮ ቢቱዋሕ ሌኡሚ እስኪከፍል፣ እስከ ወሩ 28ኛ ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ «የልጄን ድርሻ ለእንግዳ ልስጥ?» ብላ የምታስብ እናት ንፉግ አይደለችም። ጥያቄዋ እውነተኛ ጥያቄ ነው።

በእኛም ቤት ይህ ጥያቄ ጠብ አስነሣ። አጎቴ «እንደ እርሷ ያለች ሴት አዳራሽ ተከራይተን፣ በሬ አርደን ካላስታወስናት ሰው ምን ይለናል?» አለ። ገንዘቡን ከባንክ ለመበደር አስቦ ነበር። እናቴ ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ ማታ የምትገባ ሴት ናት። «ሠሪዋም ከፋይዋም እኔ ልሆን ነው» ብላ አለቀሰች። ለሁለት ሳምንት ሳይነጋገሩ ቆዩ።

በአገር ቤት ለተዝካር ብለው የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው፣ ሙታንን አክብረው ሕያዋንን ያስራቡ ሰዎች ነበሩ። ሥራዬ ሆኖ እዚህም ያንኑ አያለሁ። በመጨረሻ ነገሩን የፈታችው እናቴ ናት። ለአጎቴ እንዲህ አለችው፦ «እናታችን በሕይወቷ ለአንድ እንግዳ ዕዳ ገብታ አታውቅም። ያላትን ነው ያበላችው። ዕዳ ገብተን ብንዘክራት ሌላ ሴት መዘከራችን ነው።» አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ በኋላም «እውነትሽን ነው» አለ።

እንዲህም አደረግን። እያንዳንዱ ቤት አንድ ድስት ይዞ መጣ። ቦታው የሰፈሩ ማኅበር ክፍል ነበር። እንጀራ ያቀረቡት፣ ውኃ ያስታጠቡት፣ ዕቃ ያጠቡት ወንዶቹ ልጆች ናቸው፤ እናቴ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጠች። አንዳንድ ሽማግሌዎች ግራ ተጋብተው ሲመለከቱ አይቻለሁ፤ ቄሱ ግን ፈገግ ብለው ከአጎቴ እጅ ጠላቸውን ተቀበሉ። ወጡ ብዙ አልነበረም። ሆኖም «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይባል የለ? ፊት የተከፋበት ቤት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በተጀመረው «ጹር ይስራኤል» በተባለው ዘመቻ ከጎንደር የመጡ ሁለት ቤተሰቦችንም ጠርተን ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት እናት ባዶ እጇን በመምጣቷ አፍራ በር አካባቢ ቆመች። የክፍሉ ሰው ሁሉ «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ» ይላታል። እርሷ ግን መቀመጥ አልቻለችም። እናቴ ይህን አይታ ጀበናውን በእጇ ሰጠቻትና «ልጄ፣ ቡናውን አንቺ አፍይልን» አለቻት። ወዲያው ፊቷ በራ፤ እጅጌዋን ሰብስባ ቁጭ አለች። ከዚያ ሁሉ ቀን አያቴ በመካከላችን ያለች የመሰለኝ በዚያች ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ፎቶግራፍ ለምን አይበቃም? ፎቶግራፉ አያቴን ያሳየናል፤ እርሷ ታየው የነበረውን ግን አያሳየንም። እርሷ ታይ የነበረው ደጅ የቆመውን ሰው ነው። እርሷን ማስታወስ እርሷ ወዳየችበት ማየት ነው ብዬ አምናለሁ። እንደ እርሷ ግን አይደለም። የእርሷን በር ይዘን፣ የውኃውን እንስራ ለሴት ልጆች ብቻ ማሸከሙን ትተን ነው። ከሙታን የምንወርሰው ሁሉ እንዳለ አይወረስም፤ መልካሙን ለመጠበቅ ስንል የምናስተካክለው አለ። ይህ እነርሱን መክዳት አይደለም። አያቴም ከቋራ ናታንያ ስትመጣ ብዙ ነገር ቀይራለች፤ ጀበናዋን በቴርሞስ የለወጠችው በሩን ላለመዝጋት ነው።

ይህች የምንኖርባት ከተማ በ1929 ስትቆረቆር የተሰየመችው በናታን ስትራውስ ስም ነው። እኚህ የኒውዮርክ ነጋዴ ለድሆች ሕፃናት በሙቀት ከጀርም የጸዳ ወተት በማደል የታወቁ ሰው ነበሩ። «ናታን» ደግሞ በዕብራይስጥ «ሰጠ» ማለት ነው። በከተማችን ስም ውስጥ ሰጪ ባለጸጋ አለ። በሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰጪ ድሃም እንደነበረች ልጆቻችን ይወቁ።

አዲስ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ከመንግሥትም ከማኅበርም ትቀበላላችሁ፤ ይህ መብታችሁ ነው፤ አያሳፍርም። ነገር ግን «አሁን ተቀባዮች ብቻ ነን» ብላችሁ ጀበናችሁን ካርቶን ውስጥ አትተዉት። ለአንድ ሰው የሚሆን ሲኒ በማንም ቤት አይጠፋም። ለእንግዳም ለሙታንም ብላችሁ ግን ዕዳ አትግቡ። ወንዶች ልጆቻችሁንም ቡና መቅዳት አስተምሯቸው።

በዚያ ምሽት ከተረፈው ዳቦ በሳህን አድርጌ ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁትና ከአያቴ ቤት ፊት ለፊት ለሚኖሩት ሰዎች እንዲያደርስ ላክሁት። ሩሲያዊቷ አሮጊት ካረፈች ቆይታለች፤ አሁን የሚኖሩት ሌሎች ናቸው፤ አናውቃቸውም። ልጁ «ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ከሳፍታ ነው በላቸው» አልኩት።

በዚህ አገር ከሟች ስም ቀጥሎ «ዝክሯ ለበረከት ይሁን» ይባላል። ቃሉን በአማርኛ ስሰማው እንዲህ ይገባኛል፦ ዝክሯ ሌላውን ያጥግብ።